ሰዓቱን የማይስት ሕመም፦ የክላስተር ራስ ምታት ታሪክ ከፎገራ ሜዳ ሲታይ

መግቢያ

የራስ ምታት በማንኛውም የጤና ተቋም በየዕለቱ ከሚቀርቡት አቤቱታዎች አንዱ ነው። ከብዛቱ የተነሣ የባለሙያው ጆሮ ይለምደዋል፤ የለመደ ጆሮ ደግሞ ከብዙዎቹ መካከል የተለየውን ድምፅ ለይቶ ለመስማት ይቸገራል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ በብዙዎች መካከል ተሰውሮ ስለሚኖር አንድ ሕመም የሚያወሳ ነው፤ እርሱም ክላስተር ራስ ምታት ነው።

ሕመሙ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በአንድ ወገን ብቻ ይነሣል። መቀመጫው በዓይን ዙሪያ፣ ከቅንድብ በላይ ወይም በጆሮ ግንድ አካባቢ ነው። ሕክምና ካላገኘ ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ይቆያል። በዚያው ወገን ያለው ዓይን ይቀላል፣ ያነባል፤ አፍንጫ ይታፈናል ወይም ይፈሳል፤ የዓይን ቆብ ያብጣል ወይም ዝቅ ይላል፤ ብሌንም ሊጠብ ይችላል። ታማሚው እንደ ሚግሬን ታማሚ ጨለማ ክፍል ፈልጎ አይተኛም፤ ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ይንጎራደዳል፣ አንዳንዴም ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። ሕመሙ በሁለት ቀን አንዴ፣ ሲብስም በቀን እስከ ስምንት ጊዜ ሊመላለስ ይችላል። ከሳምንታት ወይም ከጥቂት ወራት በኋላ ምንም እንዳልነበረ ይጠፋል፤ ወራት ወይም ዓመታት ቆይቶም ይመለሳል። ጥቂት ታማሚዎች ግን ይህን የዕረፍት ጊዜ ጨርሶ አያገኙም።

የዚህን ሕመም ታሪክ ማወቅ ለጤና ባለሙያው የሚጠቅመው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። ሕመሙ ከመጀመሪያ ጀምሮ የታወቀው በመጠየቅና በማዳመጥ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ዋናው የምርመራ መሣሪያ ይኸው ነው። በመሆኑም ታሪኩ ራሱ የምርመራ ትምህርት ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስም ከማግኘቱ በፊት

ሕመሙን በማያሻማ ሁኔታ ከገለጹት ቀደምት ጽሑፎች መካከል በ1745 የወጣው የሐኪሙ የጌራርድ ፋን ስዊተን መጽሐፍ ይጠቀሳል። ሐኪሙ የጻፈው ስለ አንድ ጤነኛና ጠንካራ ጎልማሳ ሰው ነበር። ይህ ሰው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቦታ፣ ከግራ ዓይኑ በላይ ይታመም ነበር። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ይቀላል፣ እንባውም ይፈሳል፤ ሰውየው ዓይኑ ከጉድጓዱ ተገፍቶ የሚወጣ ይመስለው ነበር። ከሰዓታት በኋላ ሕመሙ ሲለቀው በዓይኑ ላይ የሚታይ አንዳች ለውጥ አይቀርም።

ዛሬ የምንጠቀምበትን ዓለም አቀፍ መስፈርት ከዚህ ገለጻ ጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው የሚገርመው ነገር ያገኛል። ወገኑ፣ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ ቆይታው፣ የዓይኑ መቅላትና ማንባት፣ በመካከሉም ያለው ፍጹም ጤንነት፣ ሁሉም ተመዝግቧል። ይህ የሆነው ራጅም ሆነ የላቦራቶሪ ምርመራ ባልነበረበት ዘመን ነው። ሐኪሙ ያደረገው ነገር ቢኖር ታማሚው የነገረውን በቅደም ተከተል መጻፍ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሕመሙ በየአገሩ በተለያየ ስም ተጠራ። በ1840 ጀርመናዊው ሞሪትዝ ሮምበርግ የዓይን ነርቭ ሕመም አድርጎ ገለጸው። በ1926 ደግሞ እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ሃሪስ ከሚግሬን ጋር የሚዛመድ፣ ጊዜ እየጠበቀ የሚነሣ የነርቭ ሕመም ብሎ ጻፈ። እያንዳንዱ ጸሐፊ አዲስ በሽታ ያገኘ ይመስለው ነበር፤ ስሞቹ ስለበዙም የአንዱ ዕውቀት ለሌላው ሳይደርስ ብዙ ዘመን አለፈ።

ስሙና የተሳሳተው መላምት

በ1939 በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ባያርድ ሆርተን ከባልደረቦቹ ጋር ሕመሙን እንደ አዲስ የደም ሥር ራስ ምታት አድርጎ አቀረበ። ሆርተን የሕመሙ ምንጭ ሂስታሚን የተባለው ንጥረ ነገር ነው ብሎ ስላመነ፣ ታማሚዎቹን ሂስታሚን በጥቂት በጥቂቱ በመስጠት ለማለማመድ ይሞክር ነበር። መላምቱ ኋላ ላይ አልጸናም፤ ሕክምናውም ተትቷል። የሆርተን የሕመም ገለጻ ግን እስከ ዛሬ አልተሻረም። ማብራሪያው ቢወድቅም ገለጻው ጸንቶ የቆየው በታማሚዎቹ አንደበት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ነው።

ሆርተን ሌላም ውርስ ትቷል። ንጹሕ ኦክስጂን ሕመሙን እንደሚያስታግስ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አመልክቶ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ምልከታ ተገቢውን ትኩረት ለማግኘት ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል።

ክላስተር የሚለው ስም የመጣው በ1952 ሲሆን፣ የሰጡትም ቻርልስ ከንክል የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ዘለላ ማለት ነው። የሕመሙ ክፍለ ጊዜያት እንደ ወይን ዘለላ አንድ ላይ ተጠጋግተው መጥተው ከዚያ ረጅም ዕረፍት ስለሚከተል ስሙ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ስሙ የሕመሙን ጠባይ እንጂ መንሥኤውን አለመናገሩም ጠቅሞታል፤ ስለ መንሥኤው የነበረው ሐሳብ ሲለዋወጥ ስሙ አብሮ መለወጥ አላስፈለገውም።

በ1988 የዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር የመጀመሪያውን የራስ ምታት ምደባ አወጣ። ከዚያ ጀምሮ በስቶክሆልምም ሆነ በአዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ስለ አንድ ሕመም በአንድ ቋንቋ መነጋገር ቻለ። ምደባው በ2004 ተሻሽሎ ወጣ፤ ሦስተኛው እትምም በ2018 ታትሟል።

መንሥኤውን በሚመለከት ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1998 ነው። አርኔ ማይና ፒተር ጎድስቢ የተባሉት ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት የአንጎልን ሥራ በሚያሳይ መሣሪያ ተመለከቱ። ሥራው ጨምሮ የተገኘው ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ነበር። ሃይፖታላመስ እንቅልፍንና የሰውነትን የቀንና የሌሊት ሥርዓት የሚመራ ክፍል ነው። ፋን ስዊተን በ1745 “በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት” የሚል ፍሬ ነገር የመዘገበው በከንቱ እንዳልነበረ በዚህ ታወቀ።

የቅርብ ዘመዶቹ

የክላስተር ራስ ምታት ብቻውን አይኖርም። በ1974 ኖርዌያዊው ኦታር ሾስታድ ከባልደረባው ከዳሌ ጋር አንድ ሌላ የአንድ ወገን ራስ ምታት አስተዋወቀ። ይህኛው ከክላስተር ጋር ይመሳሰላል፤ ሆኖም የአንዱ ክፍለ ጊዜ ቆይታ ከ2 እስከ 30 ደቂቃ ሲሆን፣ በአብዛኛው በቀን ከአምስት ጊዜ በላይ ይመላለሳል። ዋናው መለያው ለኢንዶሜታሲን የሚሰጠው ፍጹም ምላሽ ነው። ሕመሙ ፓሮክሲስማል ሄሚክሬንያ ተባለ። በ1984 ደግሞ ሾስታድ ከስፒሪንግስ ጋር በመሆን ሦስተኛ ዓይነት ገለጸ፤ ይህም ሄሚክሬንያ ኮንቲንዋ ሲሆን፣ ሳያቋርጥ በአንድ ወገን ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ፣ አልፎ አልፎ የሚባባስና እርሱም በኢንዶሜታሲን የሚጠፋ ሕመም ነው።

የእነዚህ ሁለቱ ግኝት ለእኛ አገር ባለሙያ ልዩ ትርጉም አለው። ኢንዶሜታሲን ውድና ብርቅ መድኃኒት አይደለም። መድኃኒቱ ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲታዘዝ የኖረ ነው። ለዓመታት ያለማቋረጥ የታመመ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚድንበት መድኃኒት በቅርብ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ የሕመሙ ስም ስላልታወቀ ብቻ ሳይሰጠው ሊቀር ይችላል።

በኢትዮጵያ

በአገራችን የነርቭ በሽታዎችን በማኅበረሰብ ደረጃ የማጥናት ሥራ ሲነሣ የፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ስም በቀዳሚነት ይጠራል። ፕሮፌሰሩና ባልደረቦቻቸው በ1990 ባሳተሙት ጥናት የጓያ መርዝ የሚያስከትለው የእግር ሽባነት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በደምቢያና በፎገራ፣ ምን ያህል ተስፋፍቶ እንደሚገኝ አሳይተዋል። ስለዚህ የፎገራ ሜዳ ለኢትዮጵያ የነርቭ ሕክምና ታሪክ እንግዳ አይደለም። በዚያው ዓመት በታተመ ሌላ ጥናትም በመካከለኛው ኢትዮጵያ ገጠር ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ በሚኖርበት አካባቢ የነርቭ በሽታዎችን ቤት ለቤት በመጠየቅ መዝግበዋል።

የራስ ምታትን በሚመለከት ዋናው ሥራ የታተመው በ1995 ነው። ጥናቱ የወጣበት ሴፋላልጂያ የተባለ መጽሔት ሲሆን፣ የመጽሔቱ የመጀመሪያ ዋና አዘጋጅ ከላይ የጠቀስነው ሾስታድ ነበር። ከፕሮፌሰር ረዳ ጋር ከሠሩት የስዊድን ሐኪሞች አንዱ ኤክቦም ነው፤ ኤክቦም በክላስተር ራስ ምታት ጥናት በዓለም የታወቀና፣ ከአራት ዓመት በፊት ሱማትሪፕታን የተባለው መርፌ ለዚህ ሕመም መጥቀሙን ባረጋገጠው ጥናት ላይ የተሳተፈ ሐኪም ነበር።

በጥናቱ ወደ 15,000 የሚጠጉ የገጠር ነዋሪዎች ተካትተዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሚግሬን የታየባቸው 3.0 በመቶ ሲሆኑ፣ በሴቶች 4.2፣ በወንዶች 1.7 በመቶ ነበር። ሥር የሰደደ የውጥረት ራስ ምታት 1.7 በመቶ ሆነ። ክላስተር ራስ ምታት ደግሞ 0.03 በመቶ ነበር። ይህም ከ15,000 ሰው አምስት ገደማ ማለት ነው።

አምስት ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የቁጥሩ ትርጉም ከመጠኑ ይበልጣል። ከዚያ በፊት ይህ ሕመም የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞች ሕመም ተደርጎ ቢታሰብ የሚያስገርም አልነበረም፤ ምክንያቱም የተጻፈው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነበር። ጥናቱ ግን ሕመሙ በኢትዮጵያ ገጠርም መኖሩን በማስረጃ አረጋገጠ። በ2008 የተለያዩ አገሮችን ጥናቶች አንድ ላይ የመረመረ ሥራ የአንድ ዓመቱን ስርጭት ከ100,000 ሰው ወደ 53 ገደማ አድርጎ ገምቶታል። የኢትዮጵያው ቁጥር ከ100,000 ሰው 30 ገደማ ስለሚሆን፣ ከዚህ ዝቅ ቢልም የራቀ አይደለም።

በ2016 ሌላ አገር አቀፍ ጥናት ታትሟል። ዶክተር መሂላ ዘበንጉሥ፣ ፕሮፌሰር ረዳና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት በመሄድ ባደረጉት በዚህ ጥናት ሚግሬን 17.7 በመቶ፣ የውጥረት ራስ ምታት ደግሞ 20.6 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። በሁለቱ ጥናቶች መካከል ከሃያ ዓመት በላይ አልፏል፤ አካባቢው፣ የዕድሜ ክልሉና የአጠያየቅ ዘዴውም አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ በቀጥታ ማነጻጸር አይገባም። ሆኖም ከ3.0 ወደ 17.7 የደረሰ ልዩነት አንድ ነገር ያስገነዝባል፤ የራስ ምታት ቁጥር ከአጠያየቁ ተለይቶ አይታይም። ባለሙያው የሚያገኘው በጠየቀው ልክ ነው።

በሰው ኃይል በኩልም መሻሻል ታይቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ልዩ ሥልጠና በ2006 የጀመረ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በአገር ውስጥ የሠለጠኑ የነርቭ ሐኪሞች እየተበራከቱ መጥተዋል። የሆነ ሆኖ የራስ ምታት ታማሚ በመጀመሪያ የሚያገኘው የነርቭ ሐኪም ሳይሆን የጤና ጣቢያውን ነርስ ወይም ጤና መኮንን ነው።

ሐሙሲትና ወረታ፦ ሕመሙ የሚሰወርበት ሜዳ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ መጀመሪያ ሐሙሲት፣ ቀጥሎም የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ወረታ ይገኛሉ። ሐሙሲት በደራ ወረዳ፣ ወረታ ደግሞ በፎገራ ያሉ ከተሞች ናቸው። ሜዳው ወደ ጣና የሚፈሱት የጉማራና የርብ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት፣ በከብቱና በሩዙ የታወቀ አገር ነው። በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የሁለቱ ወረዳዎች ነዋሪ በድምሩ ከ450 ሺህ በላይ ነበር። ከዚህ ውስጥ ግማሹን ዐዋቂ ብንለውና የ1995ቱን ጥናት 0.03 በመቶ ብንጠቀም፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ይህ ሕመም የሚነሣባቸው ወደ 70 የሚጠጉ ሰዎች በእነዚህ ወረዳዎች ይኖራሉ ማለት ነው። ይህ ግምት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ጥያቄ ያስነሣል። እነዚህ 70 ሰዎች በየትኛው መዝገብ፣ በምን ስም ተጽፈው ይሆን?

መልሱን ለመገመት አያዳግትም፤ ሕመሙን የሚሰውሩት ስሞች በቅርብ አሉና።

የመጀመሪያው ወባ ነው። ሜዳው ወባማ ነው። የወባ ዋናው ወቅት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ ራስ ምታት ይዞ የመጣ ሰው ወባ ነው ቢባል ማንም አይደነቅም። ክላስተርም ሰዓት ይጠብቃል፤ ክላስተርም በየዓመቱ በተወሰነ ወቅት ሊመለስ ይችላል። ልዩነቱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት አለመኖሩ፣ ሕመሙ በሰዓታት ውስጥ ጨርሶ መልቀቁና የደም ምርመራው ንጹሕ መሆኑ ነው። ሕመሙ በራሱ ጊዜ ሲጠፋ ግን የተሰጠው የወባ መድኃኒት የተመሰገነ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ታማሚው ያንኑ መድኃኒት ፈልጎ ይመጣል።

ሁለተኛው ሳይነስ ነው። ይህ ቃል በከተማም በገጠርም በሰፊው ተለምዷል። በግንባርና በዓይን ዙሪያ የሚያም፣ አፍንጫን የሚያፍን ሕመም ሁሉ ሳይነስ ይባላል። የክላስተር ታማሚ አፍንጫው በአንድ ወገን ስለሚታፈን ይህን ስም ይዞ ለመምጣት የተመቸ ነው። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ደጋግሞ የሚወስድ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚሻለው፣ ከዓመት በኋላም ተመልሶ የሚመጣ ታማሚ ሲገኝ ነገሩን እንደገና መመርመር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የዓይን በሽታ ነው። ትራኮማ በአማራ ክልል ብዙ ሰው የጎዳ በሽታ በመሆኑ፣ የቀላና የሚያነባ ዓይን ሲታይ ሐሳብ ወደዚያ ቢሄድ ተገቢ ነው። ነገር ግን የትራኮማ ዓይን በሰዓት አይቀላም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም ነጭ ሆኖ አይገኝም።

አራተኛው ጥርስ ነው። ሕመሙ ወደ ላይኛው መንጋጋ ስለሚወርድ በዚያ ወገን ያለው ጤነኛ ጥርስ ተነቅሎ ሕመሙ በቦታው የሚቀርበት አጋጣሚ በዓለም የሕክምና ጽሑፎች ሁሉ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል።

ወደ ጤና ተቋም ከመምጣቱ በፊትም ታማሚው ብዙ መንገድ ተጉዞ ሊሆን ይችላል። ምች ነው ተብሎ ዳማ ከሴ ይታሽለታል፤ በጆሮ ግንዱ ላይ ዋግምት ይደረግለታል፤ ጠበል ይጠመቃል። ባለሙያው ይህን ሲሰማ በንቀት ሊያልፈው አይገባም። በአንድ ወገን ብቻ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ የተደረገ የዋግምት ጠባሳ ታማሚው በአንደበቱ ያልተናገረውን የሕመሙን ወገን ያመለክታልና።

የመጠየቅ ሥርዓት

ለክላስተር ራስ ምታት የሚሆን የደም ምርመራ የለም። የምስል ምርመራም የሚጠቅመው ሌላ በሽታ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው። ስለዚህ ምርመራው የሚቆመው በጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄዎቹ ለገበሬውም ለነጋዴውም በሚገባ ቋንቋ ሊቀርቡ ይችላሉ። ለምሳሌ አንድን በዕድሜ የገፉ ታማሚ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

“አባቴ፣ ሕመሙ በየትኛው ወገን ነው? አንድም ቀን ወደ ሌላው ወገን ዞሮ ያውቃል?”

“በምን ሰዓት ይነሣል? ከእንቅልፍ ይቀሰቅስዎታል? ዶሮ ሳይጮኽ ነው ወይስ ከጮኸ በኋላ?”

“ከተነሣ በኋላ ምን ያህል ይቆያል? ቡና ተወቅጦ፣ ተፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ ይለቅዎታል?”

“ሲይዝዎት ዓይንዎ ይቀላል? እንባ ይወርዳል? በየትኛው ዓይን?”

“ሲይዝዎት መተኛት ይወዳሉ ወይስ መቀመጥም መተኛትም ያቅትዎታል?”

“ሕመሙ በሚመላለስበት ወራት ጠላ ወይም አረቄ ቢቀምሱ ምን ይሆናል?”

የመጨረሻው ጥያቄ ልዩ ዋጋ አለው። ክላስተሩ በተነሣበት ወቅት ጥቂት አልኮል እንኳ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ወቅቱ ካለፈ በኋላ ግን ያው መጠጥ ምንም አያደርግም። ብዙ ታማሚዎችም ይህን ራሳቸው ደርሰውበት በዚያ ወራት መጠጥ ይተዋሉ። አብሮት የመጣውን የቤተሰብ አባል መጠየቅም ይጠቅማል፤ በሌሊት ሲንጎራደድ ያየችው ሚስቱ ናትና።

ሕመሙ በወንዶች ላይ ይበልጥ ቢታይም በሴቶች ላይም ይነሣል፤ ሴት በመሆኗ ብቻ ሚግሬን ነው ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። ሌላም ሊዘነጋ የማይገባው ጉዳይ አለ። የሕመሙ ብርታት ሰውን ወደ ተስፋ መቁረጥና ሕይወትን ወደ ማጥፋት ሐሳብ ሊያደርስ ስለሚችል፣ ይህንንም በርኅራኄ መጠየቅ የምርመራው አካል ነው።

ወደ ከፍተኛ ሕክምና ለመላክ የሚያስገድዱ ምልክቶች አሉ። ትኩሳትና የአንገት መገተር፣ የማየት ችሎታ መቀነስ፣ የጠነከረና ብዥ ያለ ዓይን፣ ድንገት የጀመረ የአንገትና የፊት ሕመም ከዓይን ቆብ መውረድ ጋር፣ የእጅና እግር መዛል፣ እንዲሁም ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣ ሕመም ከእነዚህ መካከል ናቸው። የማጅራት ገትር፣ ድንገተኛ የግላኮማ ሕመም፣ የአንገት ደም ቧንቧ መሰንጠቅ፣ የጆሮ ግንድ ደም ቧንቧ ብግነትና የፒቱታሪ ዕጢ እብጠት ክላስተርን ሊመስሉ ይችላሉ።

ሕክምናው ከትናንት እስከ ዛሬ

የሆርተን የኦክስጂን ምልከታ በቂ ማስረጃ ያገኘው በ1981 ነው። ሊ ኩድሮው የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም 52 ታማሚዎች በደቂቃ 7 ሊትር ኦክስጂን ለ15 ደቂቃ እንዲተነፍሱ ባደረገበት ጥናት 75 በመቶ ያህሉ እፎይታ አግኝተዋል። በ2009 የታተመው የኮኸን፣ የበርንስና የጎድስቢ ጥናት ደግሞ በደቂቃ 12 ሊትር ኦክስጂንን ከተራ አየር ጋር አነጻጽሮ፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ 78 በመቶ በኦክስጂን፣ 20 በመቶ በአየር እፎይታ መገኘቱን አሳየ።

ይህ ሕክምና ለአገራችን ተስማሚ ነው። ኢትዮጵያ ከ2016 እስከ 2020 በተዘጋጀ አገር አቀፍ ዕቅድ የሕክምና ኦክስጂን አቅርቦትን ለማስፋፋት ሠርታለች፤ በዋነኛነት የታሰበው ለሳንባ ምች ሕፃናትና ለወላዶች ቢሆንም፣ ያው ሲሊንደር ለክላስተር ታማሚም ያገለግላል። ታማሚው ተቀምጦ፣ ከረጢት ባለውና የተነፈሰውን አየር በማይመልስ ጭምብል፣ በደቂቃ ከ12 እስከ 15 ሊትር ንጹሕ ኦክስጂን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይወስዳል። በአፍንጫ በሚገባው ቀጭን ቱቦ በደቂቃ 2 ወይም 3 ሊትር መስጠት አይበቃም፤ እንዲህ ተሰጥቶ ኦክስጂን አልጠቀመውም ብሎ መደምደም ተገቢ አይደለም።

ሱማትሪፕታን 6 ሚሊግራም ከቆዳ ሥር የሚሰጥ መርፌ በ1991 በታተመው ጥናት በ15 ደቂቃ ውስጥ ከአራቱ ክፍለ ጊዜ ሦስቱን ያህል አስታግሷል። መድኃኒቱ በየቦታው የሚገኝ ባይሆንም ካለ ፍቱን ነው፤ የልብ ደም ሥር ሕመም ላለበት ሰው ግን አይሰጥም። ተራ የሕመም ማስታገሻ እንክብሎች ሥራ እስኪጀምሩ ድረስ ሕመሙ ራሱ ስለሚያልፍ ብዙም አይረዱም።

ሕመሙ እንዳይመላለስ ለመከላከል ዋናው መድኃኒት ቬራፓሚል ነው። በ2000 የታተመ የጣልያን ጥናት በቀን 360 ሚሊግራም መጥቀሙን አሳይቷል። አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሦስት ጊዜ በ80 ሚሊግራም ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። መድኃኒቱ የልብን የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ሊያዘገይ ስለሚችል ከመጀመሩ በፊትና መጠኑ በጨመረ ቁጥር የልብ ምርመራ በኢሲጂ ያስፈልጋል። ቬራፓሚል ሥራ እስኪጀምር ድረስ ፕሬድኒሶሎንን ለአጭር ጊዜ መስጠት ይቻላል፤ በ2021 የታተመ ጥናት በመጀመሪያው ሳምንት የክፍለ ጊዜያቱን ቁጥር እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ከመስጠት በፊት ግን ሳንባ ነቀርሳን፣ ስኳር በሽታንና የአንጀት ጥገኛ ትላትልን ማሰብ ይገባል።

ክፍለ ጊዜው አጭርና ብዙ ከሆነ፣ ወይም ሕመሙ ሳያቋርጥ በአንድ ወገን ከቆየ፣ ኢንዶሜታሲንን መሞከር ያስፈልጋል። ከምግብ ጋር በቀን ሦስት ጊዜ በ25 ሚሊግራም ተጀምሮ እንደ ምላሹ እስከ 75 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ሊደርስ ይችላል፤ ጨጓራን የሚጠብቅ መድኃኒትም አብሮ ይሰጣል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም እርግዝና ካለ አይሰጥም። መጠኑ በቂ ሳይሆን አልሠራም ብሎ ማቆም በታሪኩ ተደጋግሞ የታየ ጉድለት ነው።

ማጠቃለያ

በ1745 አንድ ሐኪም የአንድን ጎልማሳ ቃል በጥንቃቄ ጻፈ። ከ250 ዓመት በኋላ በኢትዮጵያ ገጠር ጠያቂዎች በየቤቱ ደጃፍ ቆመው ተመሳሳይ ቃል ከአምስት ገደማ ሰዎች አፍ ሰሙ። በመካከሉ ብዙ መላምት ተነሥቶ ወድቋል፤ የታማሚው ቃል ግን አልተለወጠም። በሐሙሲትና በወረታ ጤና ጣቢያዎች የሚሠራ ባለሙያም ዛሬ ያ ቃል ሲደርሰው የሚያውቅበት ስም፣ የሚያስታግስበት ኦክስጂንና የሚከላከልበት መድኃኒት አለው።

ስለሆነም የወባ ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ለሦስተኛ ጊዜ የተመለሰ፣ ሳይነስ ተብሎ በየዓመቱ የሚታከም፣ ወይም ጥርሱ ተነቅሎ ያልተሻለው ታማሚ ሲመጣ ባለሙያው ተጨማሪ አምስት ደቂቃ ሰጥቶ ወገኑን፣ ሰዓቱን፣ ቆይታውን፣ ዓይኑንና በሕመሙ ሰዓት የሚያደርገውን ይጠይቅ፤ የሰማውንም በካርዱ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ታማሚው በሚቀጥለው ዓመት ሲመለስ የሚያገኘው ሌላ ባለሙያ ሊሆን ይችላልና፣ ያ ጽሑፍ ለዚያ ባለሙያ መንገድ ያሳየዋል።